እጥፍ መጠን

ዙሌካ ሙሄን ያወቀችው ሰው ሁሉ በሸሸው የታክሲ ወንበር ላይ ነው።

ከጎፋ ወደ ነፋስ ስልክ የሚሄደው ሚኒባስ በዚያ ጠዋት ሰው ተደራርቦበት ነበር። በሩ አጠገብ ያሉት ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ከኋላ ግን፣ አንድ ረጅም ወጣት ከተቀመጠበት ጎን፣ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ባዶውን ቀርቷል። ከወዲያ ማዶ ያለችው ሴት ሻሿን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራለች። ወጣቱ የለመደው ነገር መሆኑ ያስታውቃል፤ አቀርቅሮ ስልኩን ይነካካል።

ዙሌካ «አሳልፉኝ» እያለች ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ቆዳ ቤት ነው የምትሠራው?» አለችው።

ወጣቱ ቀና አለ። «ሸተትኩ አይደል? ልብሴን እንኳን ቀይሬ ነበር።»

«የሚሸተው ቆዳው አይደለም። ጸጉር ለማርገፍ የምትዘፈዝፉበት ኖራ ነው። ከዚያ ስታወጡት በደንብ አታጥቡትም ማለት ነው። ኖራው ካልለቀቀ ደግሞ በኋላ የምትጨምሩት ኢንዛይም እንደ ልቡ አይሠራም።»

ሙሄ ስልኩን ኪሱ ከትቶ አያት። ሰማያዊ ሂጃብ አድርጋለች። ጉልበቷ ላይ የወረቀት ማህደር አለ። ዓይኖቿ የሰው ፊት ላይ ሲያርፉ ቶሎ አይነሱም።

«ይሄንን ማን ነገረሽ?»

«ኬሚስትሪ ነው የተማርኩት። አንድ ዓመት ትልቅ ቆዳ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ክፍላችን ተዘጋና አሁን ሥራ እየፈለግሁ ነው። ዛሬ ሁለት ቦታ ማመልከቻ አስገባለሁ።»

«ሦስት አድርጊው» አለ ሙሄ።

የሙሄ አባት ሀጂ ኢስማኢል ከስልጤ በወጣትነታቸው መጥተው፣ በቆዳ ንግድ ጀምረው፣ ነፋስ ስልክ ውስጥ አሥራ አራት ሠራተኞች ያሉት የቆዳ ማልፊያ ያቋቋሙ ሰው ናቸው። የበግ ቆዳ ለጃኬት ያዘጋጃሉ። ዙሌካን ሲያዩ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ልጄ፣ እዚህ ውኃና ጭቃ ነው። ለሴት ልጅ አይመችም።»

«ጭቃውን ስገባ አይቼዋለሁ፣ ሀጂ። ቦት ጫማ ይስጡኝ፤ አንድ ወር ልሥራ። ካልጠቀምኩ ራሴ እሄዳለሁ።»

ሀጂ ልጃቸውን አዩት። ሙሄ ግድግዳውን አየ። በማግስቱ ዙሌካ ቦት ጫማ ተሰጣት።

የገባችበት ሥራ ቀላል አልነበረም። ቆዳው ኖራው ከታጠበለት በኋላ በሚሽከረከር ትልቅ የእንጨት በርሜል ውስጥ ገብቶ፣ ለብ ባለ ውኃ ከኢንዛይም ዱቄት ጋር ይታሻል። ኢንዛይሙ በቆዳው ቃጫዎች መካከል ያለውን ፕሮቲን እየሰባበረ ያወጣዋል፤ ቆዳውም ሐር ይመስል ይለሰልሳል። ይህን ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት የመሩት ጋሽ ዋቅጅራ ነበሩ። ዱቄቱን በእፍኝ ይበትናሉ፣ ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጋሉ፣ «በቃ» ሲሉ በርሜሉ ይቆማል። አንዳንድ ቀን ግሩም ይወጣል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይደርቃል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ዙሌካ ሚዛንና ቴርሞሜትር አስገዛች። ለእያንዳንዱ በርሜል የዱቄቱን መጠንና ደቂቃውን ወረቀት ላይ ጽፋ ትፈርማለች። ጋሽ ዋቅጅራ ለሁለት ሳምንት አላናገሯትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሥራው ጋብ ሲል፣ ሙሄ፣ ዙሌካ ዕቃ ቤት ውስጥ ወዳዘጋጀቻት ትንሽ ክፍል ገባ። ሦስት የመስታወት ቱቦዎች መደርደሪያ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ባለው ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ የመስቀለኛ ምልክት አድርጋለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዱቄት ወተት በውኃ ነው። ነጭ ያደረገው ፕሮቲኑ ነው። ምልክቱ ይታይሃል?»

«አይታየኝም።»

«ኢንዛይሙ ፕሮቲኑን ሲበላው ወተቱ ይጠራል፣ ምልክቱም ይታያል። የመጀመሪያው ላይ አንድ እጅ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ አራት እጅ ልጨምር ነው። ሰዓቱን ያዝ።»

ሙሄ ስልኩን አውጥቶ ሰዓቱን አስጀመረ። ጎን ለጎን ጎንበስ ብለው ያዩ ጀመር። ውጪ በርሜሉ ይንጎራጎራል። አራት እጅ የገባበት ቱቦ መሳሳት ጀመረ፤ ጥቁሩ ምልክት ከጉም ውስጥ እንደሚወጣ ሰው ቀስ ብሎ ታየ።

«ሁለት ደቂቃ» አለ ሙሄ።

ሁለት እጅ የገባበት አራት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ በኋላ የቀረው አንዱ ቱቦ ብቻ ነበርና መጠበቅ ነበረባቸው። ትከሻዋ ትከሻውን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ሙሄ ቱቦውን ማየት ትቶ እሷን ማየት ጀመረ። እሷም አወቀችው፤ ዞር ግን አላለችም።

«ስምንት ደቂቃ» አለች ራሷ፣ የግድግዳውን ሰዓት አይታ። «አንተ ሰዓት መያዝ አትችልም።»

«በእጥፍ ሲጨመር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው።»

«ልክ ነህ።»

«ሃያ እጥፍ ባደርገውስ?»

«አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ኢንዛይሙ ከፕሮቲኑ ሲበዛ የሚይዘው ያጣል፤ ከዚያ በላይ ብትጨምር ማባከን ነው።» ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። «ደግሞ ቆዳ ወተት አይደለም። ወተት ቢጠራ ጠራ ነው። ቆዳ ግን ከለሰለሰ በኋላም ኢንዛይሙ መብላቱን አይተውም፤ ራሱን ቆዳውን መብላት ይጀምራል። ስለዚህ መጠኑን ከፍ ካደረግህ፣ የምታቆምበትን ደቂቃ ማሳለፍ አትችልም።»

በሩ ላይ ጋሽ ዋቅጅራ ቆመው ነበር። መቼ እንደመጡ አላዩም። ሽማግሌው ቀረብ ብለው ሦስቱን ቱቦዎች በተራ አዩ።

«ሃያ ሁለት ዓመት በአውራ ጣቴ የፈለግሁትን» አሉ፣ «ይቺ ልጅ በወተት አሳየችኝ።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ዱቄቱን በእፍኝ አልበተኑም።

አንድ ወሩ አለፈ፣ ሁለትም ሦስትም ሆነ። ስለ መሄድ ያነሳ ሰው አልነበረም። ሙሄና ዙሌካ ከሥራ ሲወጡ እስከ ጎፋ አብረው ይሄዳሉ። መንገዳቸው ላይ አንዲት ጁስ ቤት አለች፤ ማንጎና አቮካዶ ስፕሪስ ያዝዛሉ። ሙሄ ስለ ሁሉም ነገር ያወራል፣ ስለ አንዱ ነገር ብቻ አያወራም። ዙሌካ ለሦስት ሳምንት ጠበቀችው።

«ሙሄ» አለችው አንድ ቀን ማንኪያዋን አስቀምጣ። «ወደኸኛል አይደል?»

ሙሄ የዋጠው ጁስ ትን አለው። አስተናጋጇ ውኃ አመጣች።

«አዎ» አለ ትንፋሹ ሲመለስ። «ምን ያህል ጊዜ ልነግርሽ እንደ ሞከርኩ—»

«እኔም ወድጄሃለሁ። ግን ተደብቄ መሄድ አልወድም። እናቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችን። ‹ልጅሽ ከአሠሪዋ ልጅ ጋር ትሄዳለች› እያለ ሰው ሲያወራ መስማት የለባትም።»

«የጃኬቱ ትእዛዝ እንዳለቀ ለአባቴ እነግረዋለሁ። ወላሂ።»

የጃኬቱ ትእዛዝ ትልቅ ነገር ነበር። ግዛው የሚባል ጃኬት አሰፊ ስድስት መቶ የበግ ቆዳ አዝዟል። ጥሩ ሆኖ በቀኑ ከደረሰለት ዓመቱን ሙሉ ከሀጂ ቤት ሊወስድ ቃል ገብቷል። ሀጂ ኃላፊነቱን ለሙሄ ሰጡት። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጡት የመጀመሪያቸው ነበር።

ሊረከብ አሥር ቀን ሲቀረው መብራት ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ በርሜሉ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መብራት ሲመጣ ዙሌካ እናቷን ዓይን ሐኪም ቤት ወስዳ ነበር፤ ቀጠሮው ከወር በፊት የተያዘ ነው። ወረቀቱን ግን ቀደም ብላ ሞልታ ትታለች፦ የዱቄቱ መጠን፣ ስልሳ ደቂቃ፣ ፊርማዋ።

ሙሄ ወረቀቱን አየ። የቀረውን ግማሽ ትእዛዝ እስከ ምሳ በሦስት ዙር ካላወጣ፣ ማድረቁና መቅባቱ አይደርስም። ወተቱ ትዝ አለው፦ እጥፍ ሲጨመር ጊዜው ግማሽ ነው። ለማንም ሳይናገር ዱቄቱን በእጥፍ መዝኖ ጨመረ። በሠላሳ ደቂቃ ሊያቆመው ነበር ሐሳቡ።

በሃያኛው ደቂቃ ግዛው በር ላይ ደረሰ። ሥራውን በዓይኑ ሊያይ ነው የመጣው። ሙሄ የደረቀውን አሳየው፣ የተቀባውን አሳየው፣ ሻይ አስመጣለት። ሰውዬው ጥያቄ አያልቅበትም። እንግዳውን ሸኝቶ ወደ በርሜሉ ሲሮጥ ስልሳ አምስት ደቂቃ አልፎ ነበር።

ጋሽ ዋቅጅራ አንዱን ቆዳ አውጥተው በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። የላይኛው ገጽ እንደ ራሰ ወረቀት ተላጠ። ሌላ አወጡ። እሱም ያው ነው። መቶ ቆዳ ውስጡ ነበር።

ዙሌካ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትደርስ ሠራተኞቹ ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። ሀጂ ኢስማኢል ወረቀቱን በእጃቸው ይዘዋል።

«ፊርማሽ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሰው ሁሉ አትሆንም እያለኝ እኔ ነኝ ያመንኩሽ። በወረቀትና በወተት ስትጫወቺ ዝም አልኩ። ይኸው የሠራሽውን ተመልከቺ።»

ዙሌካ ቆዳውን አየች፣ ነካችው። ፊቷ አልተለወጠም።

«የበርሜሉን ውኃ ደፍታችሁታል?»

«አልደፋነውም» አሉ ጋሽ ዋቅጅራ።

ክፍሏ ገብታ ቱቦዎቿን አወጣች። በአንዱ ወተት ላይ ወረቀቱ በሚለው መጠን አዲስ የበጠበጠችውን ጨመረች። በሌላው ላይ ከበርሜሉ የቀዳችውን ያንኑ ያህል ጨመረች። ውኃውን እኩል አሞቀች። ሰዓቱን ጋሽ ዋቅጅራ ያዙ። ሀጂ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

የበርሜሉ ውኃ የገባበት ወተት በሦስት ደቂቃ ከምናምን ጠራ። የእሷ መጠን ስድስት ደቂቃ ተኩል ፈጀ።

«ሀጂ፣ በርሜሉ ውስጥ የነበረው ኢንዛይም እኔ ከጻፍኩት እጥፍ ነው። የዱቄቱን ጣሳ ይመዝኑት፤ እሱም ይነግርዎታል። ማን እንደጨመረው ግን ወተቱ አይናገርም። የሚያውቅ ካለ ራሱ ይናገር።»

ሙሄን አየችው። ማን እንዳደረገው ታውቃለች። እሷ በሌለችበት ከእሱ ሌላ ሚዛኑን የሚነካ ሰው የለም። ልትረዳው ዝግጁ ነበረች፤ አንድ ቃል ብቻ ነበር የፈለገችው። ሙሄ አፉን ከፈተ። አባቱን አየ። መሬት አየ። አፉን መልሶ ዘጋ።

ሀጂ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ዙሌካ ቦት ጫማዋን አውልቃ ከግድግዳው ጥግ አስቀመጠች። የራሷን ጫማ አደረገች። «ጋሽ ዋቅጅራ፣ ደህና ይሁኑ» አለች። ለሌላ ለማንም አልተናገረችም።

በሳምንቱ መካኒሳ አቦ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት ኬሚስትሪና ባዮሎጂ አስተማሪ ሆና ተቀጠረች። የሙሄን ስልክ አላነሳችም። አላለቀሰችም ማለት አይደለም፤ አልቅሳለች፣ አንድ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ማንም በሌለበት። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ክፍለ ጊዜዋ ገባች።

ሙሄ በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ቆሞ ተማሪዎቹ እስኪወጡ ጠበቀ። ስትወጣ መንገዱን ተሻገረ። ከስቷል። እጁ በኖራ ተሰነጣጥቋል።

«ለአባቴ ነገርኩት» አለ ሰላምታ እንኳን ሳይሰጥ።

«መቼ?»

«በአራተኛው ቀን።»

«ሦስቱን ቀን ምን ትሠራ ነበር?»

«ስፈራ ነበር።» መልሱን ለማሳመር አልሞከረም። «አባቴ ከቢሮ አውጥቶኛል። የግዛው ትእዛዝም በቀኑ ሳይደርስ ቀረ። አሁን በጋሽ ዋቅጅራ ሥር ቆዳ አጣቢ ነኝ። ስለሱ ልነግርሽ አይደለም የመጣሁት። በድዬሻለሁ። እሱን ልልሽ ነው።»

ዙሌካ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረች።

«ለሠራተኞቹስ?»

ሙሄ የተሰነጣጠቀ እጁን ኪሱ ከተተ።

«እኔ የተሰደብኩት በአሥራ አራት ሰው ፊት ነው። አንተ ለአባትህ ብቻ በር ዘግተህ ብትነግር የኔ ስም አይመለስም። በሰው ፊት የተወሰደ በሰው ፊት ነው የሚመለሰው።»

«ብመልሰውስ... ታናግሪኛለሽ?»

«እንድታደርገው የምፈልገው እንዳናግርህ ብለህ አይደለም» አለችና ታክሲ ተሳፈረች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዋቅጅራ ደወሉላት። ስልክ ላይ የሚጮኹ ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት ሙሄ ሥራ አስቁሞ ሁላችንንም ሰበሰበን። ዱቄቱን እጥፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ያዘገየሁትም እኔ ነኝ፣ ዙሌካ ስትሰደብ እያወቅሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ አለ። አንዱንም አላስቀረም። ሀጂም ቆመው ሰሙ።»

«ሀጂ ምን አሉ?»

«ክፍልሽን ከፍተው ገቡና ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ‹የዚች ልጅ ቤት የት ነው?› አሉኝ።»

ከሁለት እሑድ በኋላ ጎፋ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የዙሌካ እናት በር ተንኳኳ። እናቷ ወይዘሮ ሀኒፋ ሲከፍቱ ሀጂ ኢስማኢል ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ቆመዋል፤ ከጎናቸው ጋሽ ዋቅጅራ በኮት። ከኋላቸው፣ ደረጃው ላይ፣ ሙሄ።

ወይዘሮ ሀኒፋ ነገሩ ገባቸው። ለሽምግልና መምጣታቸውን አወቁ። የገረማቸው ግን ልጁ ራሱ መምጣቱ ነበር።

«ወግ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ ሀጂ ከተቀመጡ በኋላ። «ልጅ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ከጋብቻው በፊት የሚቀድም ነገር ስላለ ነው። ዙሌካ፣ ልጄ፣ ሳላጣራ ሰድቤሻለሁ። ወተቱን አሳይተሽኝም አላመንኩሽም፤ ልጄን ማመን ስለቀለለኝ። አፉ በይኝ።»

ዙሌካ ተነስታ ጎንበስ አለች። «አፉ ብያለሁ፣ ሀጂ።»

«ልጄ ዙሌካን ላግባ ብሎኛል፤ ጉዳዩን ግን እናንተው ታውቃላችሁ» አሉ ሀጂ። ወይዘሮ ሀኒፋ ደግሞ፦ «እኔ የልጄን ልብ በሷ ፋንታ አልናገርም። እሷ ትጠየቅ» አሉ።

ዙሌካ ሙሄን አየችው። በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ መሬት መሬት ያየው ሰው አሁን ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለች። «የዚያን ቀን ምን ፈርተህ ነው ዝም ያልከው? አባትህን ነው?»

«አይደለም» አለ ሙሄ። «አባቴ ቢቆጣ ይቆጣል፤ ለምጄዋለሁ። አንቺን ነው የፈራሁት። ከአንቺ ጋር ጎንበስ ብዬ የተማርኩት ነገር ነበር። ግማሹን ብቻ ይዤ እንደቀረሁ ስታውቂ ትንቂኛለሽ ብዬ ነው። ሞኝ መስዬ ከምታዪኝ፣ ዝም ማለት ቀለለኝ። ያን ጊዜ ያጣሁሽ በዝምታዬ መሆኑን አላወቅኩም።»

ወይዘሮ ሀኒፋ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ፤ ሐኪሙ ያዘዘላቸው ጠብታ ነው አሉ።

«ሞኝ ብትሆን አስተምርህ ነበር» አለች ዙሌካ። ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ተሰበረ፤ ግን ቀጠለች። «ሙያዬ ነው፤ ስንት ጊዜ ቢሆን አይሰለቸኝም። ዝም ስትለኝ ግን ምን አስተምርሃለሁ?»

«ከእንግዲህ ዝም አልልሽም።»

«ቢያስፈራህም?»

«ቢያስፈራኝም።»

ጋሽ ዋቅጅራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሀጂ ኢስማኢል መቁጠሪያቸውን አቆሙ።

«እንግዲህ ልጄ» አሉ ሀጂ፣ «ክፍልሽም ሚዛንሽም እንደተቀመጠ ነው። ወደ ሥራሽ ተመለሺ አልልሽም፤ እሱ የራስሽ ውሳኔ ነው። ስለ ልጄ ግን ምን መልስ ይዤ ልሂድ?»

«እሺ ብላለች ይበሉ» አለች ዙሌካ። «ሥራውንም ሆነ ጋብቻውን። ግን የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ ስጨርስ ነው። መቶ አርባ ወረቀት ይጠብቀኛል።»

ሙሄ ወረቀቶቹን ልደምርልሽ አለ። ዙሌካ ሰዓት መያዝ ለማይችል ሰው ማርክ አላስደምርም አለችው። መጀመሪያ የሳቁት ሀጂ ናቸው።

ፈተናው በታረመ በስምንተኛው ቀን ኒካ ታሰረ።